አልፋ

ከፖስታ ቤት በታች፣ ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ስትወርድ ሳይ፤
ቀይ። አራት በር። የኤምባሲ ሰሌዳ።
መጀመሪያ ድምፅዋ መጣ፣ ቀጥሎ እሷ፣ ቀጥሎ ነፋስ፣
ከዚያ የአስፋልቱ ባዶ ሜዳ።

«ምንድናት?» አልኩት አጠገቤ ያለውን ሊስትሮ።
ብሩሹን ከጫማው አነሣ፣ አየ አንገቱን አዙሮ፣
«አልፋ!» አለኝ።
ስሟን ይሁን ማለፏን፣ እስካሁንም አልገባኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየሁ። ስንት መኪና ሄደ በፊቴ፤
አገሩ ቶዮታ ነው፣ እኔም ቪትዝ ነዳሁ፣ የባንክ ዕዳ ባንገቴ።
ግን ቀይ መብራት ይዞኝ፣ ከኋላዬ ሞተር ሲያጓራ፣
እፈልጋት ነበር በስፖኪዮ፣ በግራም በቀኝም ተራ በተራ።

ካዛንቺስ፣ ሊፈርስ የተለካ ግቢ፣ ቁጥር የተጻፈበት አጥር፣
ሸራ ለብሳ አገኘኋት ከዛፉ ሥር፤
የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ፣
ማርሚታዋ ወልቆ፣ ጎማዋ ሟሽሾ፣ ያቺው አልፋ።
ወይዘሮ አጸደ፣ የሟቹ ሾፌር ሚስት፣
«እኔ እንኳ የምሄድበትን አላውቅ፤ እሷን የት ልውሰዳት?
ውሰዳት። ብቻ ዶሮዋ እስክትፈለፍል ታገሥ» አሉኝ።
አሥራ ስምንት ቀን ተመላለስኩ፤ ጫጩቶቹ ለመዱኝ።

«አራት በር ናት» አልኳት ባለቤቴን፣ ውብዓለምን፣
«ልጆቹን ታደርሳለች፤ አስቤዛ ትጭናለች፤ ሌላ ምን?»
ሁለት በር ብትሆን ኖሮ ማን ይፈቅድልኝ ነበር?
በሮቹ የቤተሰብ ናቸው፤ የኔው ምስጢር ከኮፈኑ ሥር።
አማቴ ብቻ ጠጋ ብለው፣ ዓርማዋን አይተው፣
«እባብ ሰው ሲውጥ! በስመ አብ! ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?»
«ጎኑ መስቀል አለ እኮ፣ እማማ፤ እንደ ሰው ነው፣ ሁለቱም አለው።»

ሶማሌ ተራ ወረድኩ፣ ዝርዝሬን በወረቀት ይዤ፤
ኑረዲን ሣቀ፤ ሣቀና ሻይ አዘዘልኝ፣ ስቆም ፈዝዤ።
«የዚህችን ካንዴላ? ወንድሜ፣ የነቢ ሙሳን በትር ጠይቀኝ፣ ይቀላል።
ፓምፑ ግን የላዳ ይገባል፤ ቱቦው ከፔጆ ይቆረጣል።»
ሐድጉ መካኒኩ መፍቻውን ከሞተሩ ወደ ጆሮው አሳልፎ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፣ እንደ ንስሐ አባት ተደግፎ።
«ዋሽታሃለች» አለኝ፤ «ሦስተኛው ሲሊንደር የለም።»
ደሞዜም የለም። ሌላ ወር። ሌላ ቅዳሜ።
ጥፍሬ ሥር ዘይትና ደም።

ናሆም ህልሙን በስልኩ ይዞ ይዞራል፤ ብርማ፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፤
የሱ ህልም ዘይት አያፈስም፤ ቦሎ አይጠየቅ፤ የነዳጅ ሰልፍ አይቀመጥ።
የኔዋ በቆመችበት ሁሉ ጥቁር ካርታ ትስላለች፤
ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ በባትሪ አያታለሁ፣
ዛሬ ደግሞ የት አገር ደርሳለች?

እሑድ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ። ከማዘጋጃ ቤት ደጃፍ።
መስኮቱን አወረድኩ። አንድም ሰው፣ አንድም ውሻ ሳያልፍ፣
ሁለተኛ።
ሦስተኛ።
ድምፅዋ ከፎቆቹ ግንብ እየነጠረ ተመለሰ ወደኛ፤
ወደኛ አልኩ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጎኔ ነበረ፣
ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ምስማር ደርቆ የቀረ።

ፖስታ ቤቱ ጋ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣
በስፖኪዮ አየኋት፣ ከንፈሯ አንድ ቃል ስትተፋ።
ስድብ ይሆናል፤ የሰበሰበችውን ቅጠል በትኜባታለሁ።
እኔ ግን ምን እንዳለች አውቃለሁ።

ለገሃር ስደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ።
ኮፈኗን ከፍቼ፣ ሃይላንድ ውሃ ይዤ ቆምኩ፣
እንፋሎቷን በዓይኔ ስለካ።
አንድ የሌሊት ጥበቃ መጣ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣
ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ እባቧን አየ አፍጥጦ፤
«ምን ሆና ነው የቆመችው?» አለኝ።
«አልፋ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤
ውሃውን ተቀብሎ ያዘልኝ።